«ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» ማለት ይበቃል?



ክረምት ሲገባ በየማደሪያችን የሚሆነው ይታወቃል። አንዱ ያስነጥሳል፣ ሌላው ይስላል፣ በሦስተኛው ቀን ክፍሉ በሙሉ ይተኛል። ዳማከሴ ይታሻል፣ ነጭ ሽንኩርት ይላጣል፣ «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» ይባላል። ሰሞኑን ግን አንዲት የክፍላችን ዕጩ መምህርት ውጭ አገር ያለች እኅቷ «እኛ በየዓመቱ የጉንፋን ክትባት እንወጋለን፤ አንቺስ?» ብላ እንደጠየቀቻት ብታወራ ክርክር ተነሣ። ገሚሱ «ለጉንፋን ደግሞ መርፌ! ምን ቅንጦት ነው» አለ። ገሚሱ «መርፌው ራሱ ነው የሚያሳምመው» አለ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ማናችንም አጣርተን አልነበረም የምናወራው።

በመጀመሪያ ደረጃ ቃሉ ራሱ ያሳስተናል። ቀላሉንም ከባዱንም «ጉንፋን» እንላለን። ተራው ጉንፋን ሌላ፣ ኢንፍሉዌንዛ ሌላ ነው። ኢንፍሉዌንዛ በድንገት በትኩሳትና በቁርጥማት ይጥላል፤ ሳንባ ላይ ከወረደ ይገድላል። ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው ለምን ይመስላችኋል? በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» ተብሎ አዲስ አበባን ሬሳ በሬሳ ያደረገው ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ያን ጊዜ ቫይረሱ እንኳ ገና አልታወቀም፤ ክትባት ከየት ይምጣ?

ዛሬ ክትባቱ አለ። በመርፌ የሚሰጠው ሕይወት ያለው ቫይረስ ስለሌለበት ኢንፍሉዌንዛ አያስይዝም፤ ክንድ ማሳመሙና የአንድ ሁለት ቀን ትኩሳት ማምጣቱ ግን አይቀርም ይሆናል። ቫይረሱ መልኩን ስለሚለዋውጥ የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ሁለት ጊዜ የክትባቱን ይዘት ይመርጣል፤ በየዓመቱ መወጋት ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ፍጹም ጋሻ አይደለም፤ በደንብ በገጠመበት ዓመት እንኳ የመታመምን ዕድል በግማሽ ገደማ ቢቀንስ ነው። በአገራችን በመደበኛው የክትባት ፕሮግራም ውስጥ ስላልገባ በየጤና ጣቢያው አይሰጥም።

«ታዲያ ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ያገባናል!

በመጋቢት 2013 ዓ.ም. የኮቪድ ክትባት በአገራችን መሰጠት ሲጀምር እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። «መካን ያደርጋል» ይባል ነበር። አንድ መምህራችንን ብንጠይቀው «እኔ ምን አውቄ» ብሎ ወደ ሰሌዳው ዞረ። እኛም ዝምታውን «አትወጉ» ብለን ተረጎምነው። ጌዶ ያለችውን አያቴን «አኮ፣ ይቅርብሽ» ያልኳት እኔ ነኝ። ኋላ ታማ ሁለት ሳምንት ትንፋሽ ሲያጥራት አጠገቧ ተቀምጬ አደርኩ። ተረፈች፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ወጣትና ጤነኛ የሆነ ሰው የጉንፋኑን ክትባት ባያገኝ መስጋት የለበትም። አስም፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ግን የማግኘት ዕድል ከገጠመው ሐኪም አማክሮ ቢወጋ ይበጀዋል። አኮ ዕድሉን ካገኘች ዘንድሮ «ይቅርብሽ» አልላትም። እስከዚያው የማደሪያና የመማሪያ ክፍል መስኮት እንክፈት፣ ስንስል አፋችንን እንሸፍን፣ ትኩሳት ይዞን ሕፃንና አረጋዊ ዘንድ አንሂድ።

ነገ ከአምቦ ወጥተን ጉደር፣ ጊንጪ፣ ጌዶ፣ ባኮ እንመደባለን። ያኔ የተማሪ እናት መጥታ «መምህር፣ ስለ ኩፍኝ ክትባቱ፣ ለሴት ልጆች ስለሚሰጠው የማሕፀን በር ካንሰር ክትባት ምን ይሉኛል?» ማለቷ አይቀርም። «አላውቅም፤ የጤና ባለሙያ ጠይቄ ነገ እነግርዎታለሁ» ማለት ነውር የለውም። ነውሩ ወደ ሰሌዳው መዞር ነው።

ከዕጩ መምህራን አንዱ