ደጋም ጣራ አለው

ባለፈው እሑድ እንደ ልማዴ አገር ቤት ደውዬ እናቴን «ምን ልላክልሽ?» ብላት «አጎበር» አለችኝ። ሳቅሁ። በልጅነቴ አጎበር ቆላ ወርዶ ለሚሠራ ሰው የሚያዝ ዕቃ ነበር። የእኛ ቀበሌ ከቢሾፍቱ ዳገቱን ወጣ ብሎ ያለ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለእህል ንግድ ቆላ ሲወርድ ሳይመሽበት ተጣድፎ ይመለስ ነበር። «ንዳድ እዚህ አይወጣም፤ ብርዱ ያግደዋል» ይለን ነበር። እናቴ ግን የጎረቤት ሁለት ልጆች ወባ ይዟቸው መተኛታቸውን ስትነግረኝ ሳቄን ዋጥኩት።

ከጋዜጠኝነት የቀረኝ አመል ቢኖር የሰማሁትን ይዞ መዝገብ ማገላበጥ ነው። ሳገላብጥ ራሴን ያገኘሁት ባላሰብኩት ቦታ፣ ሃዋይ ደሴቶች ላይ ነው። ነገሩ የወፍ ነገር ነው፤ ታገሡኝ፣ ወደ እናቴ እመለሳለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ቆጠራ ናቸው።)

ሃዋይ ከጥንት ቢምቢ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። በ1826 ከመርከብ ጋር እንደገባ ይነገራል። ቆይቶም የወፎች ወባ ተከተለው። ይህ ወባ ሰውን አይዝም፤ ለበሽታው እንግዳ የሆነውን የአገሩን ወፍ ግን ይፈጀዋል። ካርተር አትኪንሰን የተባሉ የአሜሪካ መንግሥት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ1995 ባወጡት ጥናት፣ በሽታው ያለባት አንዲት ትንኝ አንድ ጊዜ ብቻ ከነከሰቻቸው ኢኢቪ ከሚባሉት ቀይ ወፎች ከ10 ዘጠኙ ሞተዋል። የጫካው መመንጠርና አይጡም ተጨምረውበት፣ ከ50 በላይ ዓይነት ከነበረው የኢኢቪ ወገን ዛሬ የቀረው 17 ገደማ ነው።

የተረፉት የት ተረፉ ቢሉ ደጋ ላይ! ጥገኛው ተህዋስ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል ሙቀት ይፈልጋል። ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እድገቱ ይቆማል። ስለዚህ ወፎቹ ከ1,500 ሜትር በላይ ያለውን ቀዝቃዛ ጫካ ምሽግ አደረጉት። አባቴ ያለውም ይህንኑ ነበር፤ ብርዱ ያግደዋል።

አሁን ግን ዓለም እየሞቀ ነው፤ ትንኝም ከነበሽታዋ ዳገቱን ትወጣለች። ካዋዪ የምትባለው ደሴት ከፍተኛ ጫፍ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ከቢሾፍቱ ከተማ እንኳ ያንሳል። አትኪንሰንና ባልደረቦቻቸው በ2014 እንዳሳተሙት፣ በዚያች ደሴት አምባ ላይ በወባ የተያዙት ወፎች ድርሻ ከ1990ዎቹ ወዲህ ከእጥፍ በላይ አድጓል። አኪኪኪ ከተባለችው ግራጫ ወፍ በ2023 በዱር የቀሩት አምስት ገደማ ብቻ ነበሩ። ሽሽቱ አልቆ ጣራው ላይ ተደረሰ ማለት ነው።

አሁን ወደ አገር ቤት ልመለስ። በ1958 በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የገባው ወባ 3 ሚሊዮን ሕዝብ ያህል አሳምሞ 150 ሺህ ገደማ እንደፈጀ ተጽፏል። ከበሽታው ርቆ የኖረ ሰው የመቋቋም አቅሙ አነስተኛ ነውና፣ እንደዚያች ወፍ ሽማግሌውም ሕፃኑም እኩል ይወድቃል። በ2014 ደግሞ «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በደብረ ዘይት አካባቢ ያሉ ቀበሌዎችን የብዙ ዓመት መዝገብ መርምሮ፣ ሞቅ ባለ ዓመት ወባው ወደ ከፍተኛው ቦታ እንደሚወጣ አሳይቷል። ሙቀቱ ብቻ ነው ጥፋተኛው አልልም። የጦርነቱና የመርጨት ሥራው መስተጓጎል ቀላል አይደለም፤ በ2024 በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል። ቢሆንም ብርዱን ተማምኖ መተኛት አበቃ።

እህቴ «አዲስ አበባ እኔ ዘንድ ትምጣ፣ ከፍታ ነው» ትላለች። እኔም ደግፌ ነበር። እናቴ ግን «የአባታችሁን ቤት ለትንኝ ለቅቄ?» ብላ ዘጋችን። መዝገቡን ካገላበጥኩ ወዲህ እናቴ ልክ ሳትሆን አልቀረችም እላለሁ።

ሃዋዮቹም ቢሆኑ ትንኟ ላይ ዘምተዋል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በማዊ ደሴት፣ ቀጥሎም በካዋዪ፣ ወልባኪያ የተባለ ባክቴሪያ የያዙ ወንድ ትንኞችን በሄሊኮፕተር ይበትናሉ። ወንድ ትንኝ አይናከስም፤ እነዚህ ያገኟት የዱር ሴት ትንኝ የምትጥለው እንቁላል ግን አይፈለፈልም። የመጨረሻዎቹን አኪኪኪዎች ደግሞ በግቢ ውስጥ ያራባሉ። በኦገስት 2023 የማዊ ቃጠሎ ሲቃረብ ጠባቂዎቹ ተረባርበው መከቱት። ይሳካላቸው እንደሆነ ገና አልታወቀም፤ ነገር ግን እጅ አጣጥፈው አልተቀመጡም።

እኛስ? አብዛኞቻችን በየወሩ ገንዘብ እንልካለን፤ ለቆርቆሮው፣ ለበዓሉ በግ፣ ለልቅሶው። በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስትደውሉ እባካችሁ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «ትኩሳት ያለበት ሰው አለ? ተመረመረ?» በሉ። «እኛ ደጋ ነን» የሚል መልስ ከመጣ ስልኩን አትዝጉ። ትኩሳት የያዘው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ይድረስ። በግቢው ዙሪያ የረጋ ውሃ ካለ ይደፈን ወይም ይፍሰስ፤ አጎበሩም ለጌጥ አይቀመጥ፣ ይዘርጋ።

በበኩሌ ለእናቴ ሁለት አጎበር ልኬያለሁ። ትናንት ስደውል አንዱን ለጎረቤት ልጆች እንደሰጠች ነገረችኝ። «ሌላ ልላክ?» ብላት «ለቀበሌው ሁሉ ከሆነ ላክ» አለችኝ። ስለዚህ ከአካባቢያችን ልጆች ጋር መዋጮ ጀምረናል፤ የእናንተንም ሰፈር ጠይቁ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።