የታመቀ አየርን አትናቁ

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የዕድሜ እኩዮቼ፤

ይህን የምጽፍላችሁ በየግቢያችን እየገባ ያለ አንድ ዕቃ ስላሳሰበኝ ነው። አብዛኞቻችን ጡረታ ወጥተናል። ልጆቻችን መኪናቸውን እኛ ግቢ ያሳድራሉ፤ የልጅ ልጆቻችን ሳይክል ነፋስ ሳይጎድለው የሚውልበት ቀን የለም፤ ጎሚስታ ቤት ሄዶ ወረፋ መጠበቁ ደግሞ ለጉልበታችን ከብዷል። ስለዚህ ብዙዎቻችን «የራሴን ኮምፕረሰር ብገዛስ?» ብለን መርካቶ እንወርዳለን። ሐሳቡ መልካም ነው። አገዛዛችን ግን ያስፈራኛል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ሰው ሳይጎዳ በፊት የማውቀውን ልንገራችሁ።

ቃሌ አጭር ነው። ለጎማ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ አየር የሚያጠራቅም ታንክ ያለው ኮምፕረሰር ቤታችሁ አታስገቡ። ታንክ የሌላት ትንሿ የጎማ መንፊያ ትበቃችኋለች። ቀለም መርጨትን የመሰለ ታንክ የግድ የሚያስፈልገው ሥራ ካላችሁ ደግሞ አዲሱን ግዙ፤ ከገዛችሁም በኋላ እንደ እሳት ጠብቁት።

ሰው የሚፈራው ሞተሩን ነው፤ ስለሚጮኽና ስለሚንቀጠቀጥ። ሞተር ሲበላሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል፤ ኪሳራውም ገንዘብ ነው። የሚገድለው ከሥር ዝም ብሎ የተኛው ታንክ ነው። የተለመደ የቤት ኮምፕረሰር እስከ 8 ባር ያጠራቅማል፤ በፒኤስአይ ሲለካ 116 ገደማ ነው። ይህም በታንኩ ግድግዳ ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር ከ8 ኪሎ ያላነሰ ግፊት አለ ማለት ነው። የታንኩ የጎን ክዳን ከዳር እስከ ዳር 25 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ በዚያ ክዳን ላይ ብቻ 4 ቶን ያህል ኃይል ይገፋል። ያን ሁሉ አፍኖ የያዘው ጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት ነው።

ባለሙያዎች ታንክ ሲፈትኑ በውሃ ሞልተው የሚፈትኑት ለዚህ ነው። ውሃ እምብዛም አይታመቅም፤ ብረቱ ቢሰነጠቅ ጥቂት ይንጠባጠብና ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል። የታመቀ አየር ግን መውጫ ያገኘ ዕለት ባንድ ጊዜ ይዘረጋል፤ የቀደደውንም ብረት ይዞ ይወረወራል። ከአጠገቡ የቆመ ሰው ዞር ለማለት ጊዜ የለውም።

ታንክን የሚበላው ዝገት ደግሞ ከውስጥ ነው የሚጀምረው። አየር ሲታመቅ የተሸከመው እርጥበት ወደ ውሃነት ይለወጥና በታንኩ ሆድ ውስጥ ይተኛል። በክረምት ይብሳል። ከሥሩ ማፍሰሻ የተሠራለትም ለዚህ ነው፤ በተሠራበት ቀን ሁሉ ተከፍቶ ውሃው መውጣት አለበት። እኛ ግን ማፍሰሻው መኖሩንም አናውቅም።

የአንድ ጎረቤቴን ታንክ አብረን የፈተሽንበትን ቀን አልረሳውም። ከውጭ ደማቅ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ ላየው ሰው ገና ከካርቶን የወጣ ይመስላል። ሶኬቱን ነቀልን፤ የመለኪያው ቀስት ዜሮ ላይ እስኪቆም አየሩን አስወጣን፤ ከዚያ ወደ ማፍሰሻው ጎንበስ አልን። ብሎኑ ዝጎ አልላወስ አለ። ዘይት ጠብ አድርገንበት፣ ጠብቀን፣ እንደገና ስንሞክረው ተፈታ። መጀመሪያ የጠቆረ፣ ብረት ብረት የሚሸት ውሃ ወጣ። ቀጥሎ የዝገት ቅርፊት እየተፈረፈረ መጣ፤ ጎረቤቴ መዳፉን ዘርግቶ ተቀበለው። ያ ቅርፊት በሙሉ ከታንኩ ግድግዳ የተነሣ ብረት ነው። ግድግዳው ምን ያህል እንደሳሳ ከውጭ በዓይን አይቶ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ያ ታንክ ከዚያ ወዲያ አየር አልተሞላም፤ ጎረቤቴ በመጋዝ ለሁለት አስቆርጦ ለቆራሌው ሰጠው።

ስለዚህ ገበያ ወጥታችሁ አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ታንክ ስታዩ ቀለሙ አያታላችሁ። ታንኩ ላይ የተሠራበት ዓመት፣ የሚችለው ከፍተኛ ግፊትና የሚይዘው ሊትር የተጻፈበት ሳህን መኖሩን አረጋግጡ። ሳህኑ ከሌለ ወይም ተፍቆ ከሆነ ተዉት። የአምራቹ ያልሆነ የብየዳ ጠባሳ ያለበትን ተዉት፤ ሠፈር ያለ በያጅ የደፈነው ቀዳዳ ውሃ ይይዝ ይሆናል፣ 8 ባር ግን ይይዛል ብሎ ዋስ የሚሆን የለም። ከአሮጌ ፍሪጅ የተነቀለ ሞተርና አሮጌ የጋዝ ሲሊንደር ተጋጥመው «ድምፅ የሌለው ኮምፕረሰር» ተብለው ሲሸጡ ደግሞ ዋጋውን እንኳ አትጠይቁ። ሲሊንደሩ ለዚህ ሥራ አልተሠራም፤ አብዛኛውን ጊዜም ግፊቱ ሲሞላ ሞተሩን የሚያቆም መቆጣጠሪያ የለውም።

ታንክ ያለው ቀድሞ በቤታችሁ ካለ፣ ላዩ ላይ ቀለበት ያላትን ትንሽ የናስ ቫልቭ ፈልጉ። ሴፍቲ ቫልቭ የሚሏት እርሷ ናት። መቆጣጠሪያው ሞተሩን ማቆም ያቃተው ዕለት ትርፉን አየር የምታስወጣው እርሷ ብቻ ናት። ታንኩ ግፊት ይዞ ሳለ ቀለበቷን ሳብ ሲያደርጓት አየር መልቀቅ፣ ሲተዋት መዝጋት አለባት። «አየር ታፈስሳለች» ብለው በብሎን የሚደፍኗት አሉ። ይህን ያደረገ ሰው ቤተሰቡን ከፈንጂ ጋር አሳድሯል።

የመብራቱንም ነገር አስቡት። ባለ ሁለት ፈረስ ጉልበት ሞተር ሲነሣ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል። በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ስትሰኩት ገመዱ ይሞቃል፤ ኃይሉም ስለሚያንሰው ሞተሩ መነሣት አቅቶት ያጉረመርማል። ያን ድምፅ ከሰማችሁ ወዲያው አጥፉት። ራቅ ያለ ቦታ መድረስ ካስፈለገ የአየሩን ቱቦ እንጂ የመብራቱን ገመድ አታስረዝሙ። ከሁሉ በላይ ሥራ ስትጨርሱ ሶኬቱን ንቀሉ። መብራት ጠፍቶ ማብሪያውን ሳታጠፉ ወደ ቤት ብትገቡ፣ ሌሊት መብራት ሲመጣ ሞተሩ ማንም በሌለበት በራሱ ይነሣል። ልጆቻችን ከአሜሪካ የሚልኩልን ዕቃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ 220 ነው። የላኩበት ፍቅር ይከበር፤ ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ሳይነበብ ግን አይሰካ።

አየሩን ወደ ሌላ ቦታ ለማድረስ የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ የምትዘረጉም ተጠንቀቁ። ያ ቧንቧ በአየር ግፊት ሲሰበር ስለታም ስብርባሪ ሆኖ ይበተናል። ኮምፕረሰር በሌለበት ጎማን በበያጅ ኦክስጅን መሙላትም አለ፤ ይህ ጨርሶ የማይሞከር ነው። ኦክስጅን ከዘይትና ከጎማ ጋር ሲገናኝ እሳት ለማስነሣት ትንሽ ሙቀት ይበቃዋል።

ከእኛ መካከል አጥሩን ከፍቶ ለጎሚስታ ያከራየ ብዙ ነው። ልጆቹ ታታሪዎች ናቸው፤ ኪራዩም የጡረታችንን ጉድለት ይሸፍናል። ግን ታንካቸው የት እንደተቀመጠ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የማድ ቤታችሁ ወይም የመኝታ ቤታችሁ ግድግዳ ጀርባ ቢሆንስ? ልጁን በአክብሮት ጠይቁት፤ ዓመቱን፣ ሳህኑን፣ ማፍሰሻውን ያሳያችሁ። ታንኩን ከመኖሪያ ክፍልና ከሰው መተላለፊያ እንዲያርቀው በኪራይ ውላችሁ ላይ አስገቡ። የብረት ቀለበት የሚገባለት የከባድ መኪና ቸርኬ የሚነፋም ከሆነ፣ በብረት ማገጃ ውስጥ ካልሆነ በቀር ደጃችሁ ላይ አይንፋ። ያ ቀለበት ከቦታው ከዘለለ ሰው ይገድላል።

አሁን ስለ ልጆች ልናገር። ሕፃን በአየር ይጫወታል፤ አየር ይጎዳል ብሎ የሚያስብ የለምና። በአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ በታመቀ አየር ዕቃ ለማጽዳት እንኳ የሚፈቀደው ከ30 ፒኤስአይ በታች ነው፤ ያውም መከላከያ ተደርጎ። የቤቱ ታንክ የሚይዘው የዚያን ሦስት እጥፍ አልፎ ነው። ይህ አየር ዓይን ያጠፋል፣ የጆሮ ታምቡር ይቀድዳል፣ ቁስል ካገኘ ከቆዳ ሥር ይገባል። ለቀልድ ብለው ወደ ባልንጀራቸው መቀመጫ ነፍተው አንጀት የቀደዱ፣ ሰው የገደሉ ሠራተኞች በተለያየ አገር የሕክምና መዝገብ ላይ ተጽፈዋል። እኛም ብንሆን ልብሳችን ላይ ያረፈውን አቧራ በኮምፕረሰሩ አፈሙዝ እናራግፍ አንበል፤ ልጅ የሚማረው ከሚያየው ነው።

እንግዲህ ታንክ የሌላትን መንፊያ እንዴት እንምረጥ? ከመኪናው የሲጋራ መለኮሻ ላይ የምትሰካ ባለ 12 ቮልት አለች፤ የራሷ ባትሪ ያላትም አለች። ለአንድ ቤት ሁለቱም ይበቃሉ። የፈለጋችሁትን ቁጥር ስትሞሉላት እዚያ ስትደርስ በራሷ የምትቆመውን ምረጡ፤ ዓይናችን ደክሟልና ቁጥሯ ጎልቶ የሚታይ ይሁን። ገመዷና ቱቦዋ የኋላ ጎማ ድረስ መድረሳቸውን ሳትከፍሉ ለኩ። ብዙ የቤት መኪኖች የሚይዙት ቀጭን ስኮርታ 60 ፒኤስአይ ይፈልጋልና፣ እርሱን መሙላት የማትችለውን አትግዙ። የራሷ መለኪያ ሊሳሳት ስለሚችል ለብቻው የሚሸጥ ትንሽ የግፊት መለኪያም ጨምሩ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየራችን በባሕር ወለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የደቂቃ ሊትር እኛ ዘንድ አይሞላም። መንፊያዋ ትዘገያለች፤ ስትዘገይም ትሞቃለች። መመሪያው ከ10 ደቂቃ በኋላ አሳርፉ ካለ አሳርፏት። ባለ ባትሪዋን ፀሐይ በሚያገኘው የመኪና መስተዋት ሥር አትተዉአት፤ በተለይ ወደ አዋሽና ድሬዳዋ ስትወርዱ። በመኪናው ኤሌክትሪክ ስትነፉ ባትሪው እንዳይደክም ሞተሩ ይነሣ፤ ግን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ፈጽሞ አይሁን። የጭስ ማውጫው መርዝ ሽታ ሳይሰጥ ያስተኛል፤ ከዚያ እንቅልፍ መነሣት የለም።

ስንት እንሙላ ለሚለው መልሱ የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት አለ። በጃፓን መኪኖች ላይ በኪሎ ፓስካል ይጻፋል፤ 220 ቢል 2.2 ባር፣ ወይም 32 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ጎማው ጎን ላይ የታተመው ትልቁ ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ የምትሞሉት ልክ አይደለም። በጣም የተነፋ ጎማ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል፤ የጎደለው ደግሞ በክፍያ መንገድ ላይ በፍጥነት ሲሄድ ግሎ ሊፈነዳ ይችላል። ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ጎማው ሳይሞቅ ለኩ። ነፋስ አልቆበት ጥቂት የተነዳ ጎማ ካለ በቤት አትንፉት። ውስጡ ተፈጭቶ ሊሆን ይችላልና ለጎሚስታው አስፈትሹት። ስትነፉም ከጎማው ፊት ለፊት አትቆሙ፤ የቱቦው ርዝመት እስከፈቀደላችሁ ራቅ በሉ።

የመጨረሻው ቃሌ አሮጌ ታንክ ላላችሁ ነው። ይህን አንብባችሁ «እንግዲያው ልሽጠው» የምትሉ ትኖራላችሁ። አደራ፣ አትሽጡት። የሚገዛው ሥራ ሊጀምር የተበዳደረ ወጣት ነው፤ ርካሽ ሆኖ ስላገኘው ደስ ብሎት ይወስደዋል፤ ጠዋት ማታም አጠገቡ ጎንበስ ብሎ ይሠራል። ከእኛ ግቢ ያስወጣነውን አደጋ በእርሱ ላይ መጫን ከሽማግሌ አይጠበቅም። ለልጅም አታውርሱት። ሶኬቱን ንቀሉ፣ አየሩን እስከ ዜሮ አስወጡ፣ ማፍሰሻውን ከፍታችሁ አድርቁት፣ ከዚያ ዳግመኛ ማንም እንዳይሞላው ባለሙያ በመጋዝ ይቁረጠው። ብረቱን ቆራሌው ይውሰድ፤ የታንኩ ዋጋ ይቅርባችሁ።