ማሽኑስ ተገዛ፤ ስክሪኑን ማን ያየዋል?

ከአርቦዬ አንድ ገበሬ ሳል አልለቅ ብሎት ተነሳ እንበል። የስንዴ ሽያጩን ቋጥሮ፣ ልጁን አስከትሎ አሰላ ወይም አዳማ ይወርዳል። ወረፋ ይጠብቃል፣ ደረቱን ራጅ ይነሳል። «አባባ፣ ሳንባዎ ደህና ነው» ተብሎ ይመለሳል። ይህ መልስ በማሽኑና በሐኪሙ ብቻ የሚወሰን ይመስላል። ሐኪሙ ምስሉን ያየበት ስክሪን ግን ተረስቷል።

ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ሲገባ ሪባን ይቆረጣል፣ ዋጋው በዜና ይነገራል። ስለ ስክሪኑ የሚጠይቅ ጋዜጠኛም ባለሥልጣንም እምብዛም ነው።

ራጅ ማለት ከጥቁር እስከ ነጭ የተደረደረ ግራጫ ነው። የጀማሪ ቲቢ ጥላ፣ ከሳንባ ሾልኮ የወጣ አየር፣ ፀጉር የሚያክል ስብራት ከአካባቢው የሚለየው በጥቂት የግራጫ ደረጃ ነው። ስክሪኑ እነዚህን ደረጃዎች ካዋሐዳቸው፣ በሽታው ፋይሉ ውስጥ አለ፤ ሐኪሙ ዘንድ ግን አልደረሰም። ኢትዮጵያ ደግሞ ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት።

ዳይኮም የሚባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ምስል ስታንዳርድ 14ኛ ክፍሉን የሰጠው ለዚሁ ነው። ስክሪኑ በመለኪያ ተስተካክሎ እያንዳንዱ የግራጫ እርምጃ ለዓይን እኩል እንዲታይ ያዛል። ያኔ አሰላ የታየው ምስል አዲስ አበባም ያው ይሆናል። የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ ለምርመራ ስክሪን ቢያንስ 350 ካንዴላ በካሬ ሜትር፣ ለጡት ምርመራ ደግሞ 420 ይመክራል። ተራ የቢሮ ስክሪን 250 አካባቢ ነው፤ ያውም አዲስ ሳለ። መብራቱ ቀስ እያለ ስለሚደክም በየቀኑ የሚያየው ሰው አይነቃበትም።

«መድኃኒት በጠፋበት አገር ስለ ስክሪን ብርሃን ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። ውድ የሕክምና ስክሪን ለሁሉም ይገዛ ቢባል ክርክሩ ውኃ ያነሳ ነበር። ግን ያለ ገንዘብ የሚጀመርም አለ። በነፃ የሚገኝ የሙከራ ምስል አለ፤ ጥቁር ሳጥን ውስጥ በ5 በመቶ ብቻ የፈካ ትንሽ ሳጥን፣ ነጩ ውስጥም እንዲሁ በ5 በመቶ የደበዘዘ ይዟል። ሁለቱ ትንንሽ ሳጥኖች ካልታዩ በዚያ ስክሪን ራጅ አይነበብም። ጠዋት ጠዋት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ መስቀልና አቧራውን መጥረግም ከባድ ወጪ አይደለም።

የባሰው ስልኩ ነው። ራጁ መስኮት ላይ ተደግፎ ፎቶ ይነሳና «እስቲ እየው» ተብሎ በቴሌግራም ይላካል። ካሜራው ብርሃኑን በራሱ ይቀይራል፣ መተግበሪያው ፎቶውን ይጨምቃል፣ ተቀባዩ ፀሐይ ላይ ቆሞ ያየዋል። ከምንም ይሻላል ማለት ይቻላል፤ «ደህና ነው» ብሎ ሰው ለመሸኘት ግን አይበቃም። ዋናው የዳይኮም ፋይል ካለ እሱ ይላክ።

የቀጣዩ ጨረታ ሰነድ ሲዘጋጅም ሦስት ነገር ይጨመርበት፦ በዳይኮም 14ኛ ክፍል የሚስተካከል ስክሪን፣ የብርሃን መለኪያው፣ በዓመት አንዴ ለክቶ የሚፈርም የባዮሜዲካል ባለሙያ።