ፌሮ የማይለየው ኢንጂነር የማን ሥራ ነው?

«የዘንድሮ ሲቪል ኢንጂነር ፌሮ ከሚስማር አይለይም» ማለት ፋሽን ሆኗል። ኮንትራክተሩ ይላል፣ ኃላፊው ይላል፣ ያስተማረው መምህር ሳይቀር ይላል። ጨርሶ ውሸት ነው ማለት አይቻልም። ጥፋቱን ተማሪው ላይ ለጥፎ መሄድ ግን ነውር ነው።

70/30 ተብሎ ከአስር ተማሪ ሰባቱ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲነዳ፣ በብዙ ግቢ ላብራቶሪው አብሮ አልተነዳም። ስላምፕ ቴስትን ውሰዱ። 30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ኮን በሦስት ዙር ይሞላል፣ እያንዳንዱ ዙር 25 ጊዜ በብረት ዘንግ ይወጋል፣ ኮኑ ሲነሳ ኮንክሪቱ ስንት እንደወረደ ይለካል። በቃ! ይህችን እንኳ በእጁ ሳይሠራ፣ አንዱ ሲሠራ ከኋላ ቆሞ አይቶ፣ ሪፖርት ገልብጦ የሚመረቅ ሞልቷል። ይህ ልጅ ሳይት ገብቶ፣ ሶሌታ ሲሞላ ፎርማኑ «ትንሽ ይላላ» ብሎ ውሃ ሲጨምር፣ በምን ድፍረት ያስቁመው? ውሃ ሲበዛ ጥንካሬው እንደሚቀንስ ደብተሩ ላይ ጽፎታል። ፎርማኑ ግን ደብተር አይፈራም።

ኢንተርንሺፑማ የማህተም ፍለጋ ሆኗል። ፎቶ ኮፒ ሲያስነሳው ከርሞ ማህተም መትቶ የሸኘው ኮንትራክተር፣ በዓመቱ ሥራ ፍለጋ ሲመጣ «ልምድ የለህም» ይለዋል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ይሁን፣ ይፈተን። ግን ኮምፒውተር ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ መርጦ 50 ከመቶ ያመጣ ልጅ የተበላሸ ኮንክሪት መመለስ እንደሚችል በምን ታወቀ? ማህተም የሚመታው ድርጅትም ይፈተና! ተማሪው በእጁ የሠራውን የሙከራ ውጤት ከነቀኑ፣ ከነሳይቱ አያይዞ ይላክ፤ ያላያያዘ ማህተሙ አይቆጠርለት።