ዕዳውን የከፈለ ነጋዴ ለምን ብድር ይከለከላል?

«ዱቤ ዛሬ የለም፤ ነገ ይኖራል» የሚለውን የሱቅ ግድግዳ ጽሑፍ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ሸማች ያለ አይመስለኝም። ባለሱቁ ይህን የሚለጥፈው ሁልጊዜ በስስት አይደለም። እሱ ራሱ ዕቃ የሚያወጣበት ገንዘብ የሚያበድረው ስለማያገኝ ነው። ባንክ ሄዶ የሚሰጠው መልስም ከግድግዳው ጽሑፍ ብዙ አይለይም። የዛሬው ጽሑፋችን የተበደረውን በወቅቱ ሲመልስ የኖረ ሰው ተጨማሪ ብድር ሲጠይቅ ለምን እንደሚከለከል ከሕግና ከአሠራር አንፃር ይመለከታል።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በደጋን ከተማ በኪራይ ቤት የምትነግድ አንዲት ሴት አለች እንበል። ንግዱን የጀመረችው ዛሬ ፀደይ ባንክ ከሆነው ከአብቁተ በቡድን ዋስትና በወሰደችው ብድር ነው፤ ያንንም ዙር በዙር ከፍላለች። ከኮምቦልቻና ከደሴ ጅምላ ሻጮች በዱቤ ዕቃ ታወጣለች፤ በቀኑም ትመልሳለች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢውን ሲያዳርስ ሱቋ ተዘረፈ፤ ቢሆንም የሰው ገንዘብ አልበላችም። አሁን ማቀዝቀዣ ገዝታ ሱቋን ለማስፋት ባንክ ገባች። የተጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው፦ «የቤት ካርታ አለሽ?» የላትም። ጉዳዩ እዚያው አበቃ።

ሴትዮዋ ለምሳሌ የቀረበች ብትሆንም ታሪኳ ለደቡብ ወሎ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ጥያቄው እንግዲህ የአከፋፈል ታሪኳ የት ገባ የሚለው ነው።

በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሥር የብድር መረጃ ማዕከል ተቋቁሟል። ባንኮች የተበዳሪዎቻቸውን መረጃ ለማዕከሉ ያቀርባሉ፤ ከማበደራቸው በፊትም አመልካቹ ያለበትን ዕዳ ከዚያ ያጣራሉ። አሠራሩ መልካም ነው። ችግሩ ያለው አጠቃቀሙ ላይ ነው። ዕዳውን ያላከበረ ሰው ስሙ በመዝገቡ ሲገኝ በሩ ይዘጋበታል። ዕዳውን ያከበረ ሰው ግን መዝገቡ ንጹሕ ስለሆነ ብቻ በሩ አይከፈትለትም። በሕግ ቋንቋ ብንናገር፣ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ እንጂ ለተከላካይ የማይመሰክር ምስክር ሆኗል። የጅምላ ሻጮቹ የዱቤ ደብተር ደግሞ ጭራሹን ወደ ማዕከሉ አይደርስም።

ለምን እንዲህ ሆነ? አንዱ ምክንያት ሕጉ ራሱ ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ሰጣቸው። አዋጁ ባንኮችን ከዓመታት የችሎት ምልልስ አድኗቸዋል። ነገር ግን የተበዳሪውን ጠባይና የንግዱን ጤንነት ከማጥናት ድካምም አሳርፏቸዋል። ቤት በእጁ ያለ ባንክ ስለ ሰውየው ታማኝነት ምን አስጨነቀው?

ሕግ አውጪው ይህን ክፍተት ለመሙላት ሞክሯል። በተንቀሳቃሽ ንብረት ስለሚሰጥ የዋስትና መብት በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 የሱቅ ዕቃ፣ ከብት፣ የእህል ምርትና ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሒሳብ ሳይቀር ለብድር መያዣ እንዲሆኑ ፈቅዷል። በወረቀት ላይ ሲታይ የደጋኗ ነጋዴ መያዣ አላት ማለት ነው። በተግባር ግን የባንክ ሠራተኛው ዛሬም መጀመሪያ የሚጠይቃት ካርታውን ነው።

እርግጥ ነው፣ የባንኮችንም ወገን ማድመጥ ይገባል። በ2014 ዓ.ም. በደሴና በኮምቦልቻ መጋዘኖችና ሱቆች፣ የባንክ ቅርንጫፎችም ጭምር፣ ሲዘረፉ አይተናል። በመደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ በአንድ ሌሊት ሊጠፋ እንደሚችል የተማረ ባንክ ስኳርና ዘይት በመያዣነት ለመቀበል ቢያመነታ አይፈረድበትም። በዚህ ላይ ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገድቦ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 18 በመቶ ከፍ እንዲል ተደርጓል። ገንዘብ በተመጠነ ጊዜ ቅድሚያ የሚያገኘው ትልቁ ደንበኛ ነው። ብሔራዊ ባንክ ራሱ በ2016 ዓ.ም. ባወጣው የፋይናንስ መረጋጋት ሪፖርት የባንክ ብድር በጥቂት ተበዳሪዎች እጅ መከማቸቱን አመልክቷል።

ሆኖም በአከፋፈል ታሪክ ማበደር አይቻልም የሚለው ክርክር በራሳቸው በባንኮቹ ሥራ ፈርሷል። ዳሸን ባንክና ኢትዮ ቴሌኮም ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር ያለ ንብረት መያዣ ያበድራሉ። ዳሸን በ2015 ዓ.ም. «ዱቤ አለ» በሚል ስም ደንበኛው ከመደብር ዕቃ ወስዶ ቀስ በቀስ የሚከፍልበትን አገልግሎት አስተዋውቋል። የግድግዳው ጽሑፍ ተገለበጠ ማለት ነው። ከወለድ መራቅ ለሚሻውና በወሎ ቁጥሩ ብዙ ለሆነው ሙስሊም ነጋዴም፣ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክና ሌሎች ከወለድ ነፃ የሆነ አገልግሎት ያቀርባሉ። ሙራባሃ በሚባለው ውል ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን በግልጽ ጨምሮ ለደንበኛው በጊዜ ክፍያ ይሸጥለታል። ማቀዝቀዣ ለምትሻው ነጋዴ ከዚህ የቀረበ መፍትሔ አይኖርም። ነገር ግን እዚህም ባንኩ ካርታ ከጠየቀ የውሉ ስም መለወጡ ብቻውን ምንም አይጠቅማትም። በስልክ የሚሰጠው ብድር ደግሞ መጠኑ አነስተኛ ነው፤ ሲከለከሉም ምክንያቱን የሚያስረዳ ሰው የለም።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ማንም ባንክ እንዲያበድር አይገደድም፤ ውል በፈቃድ ነው። ለምን እንደከለከለ እንዲናገር ማስገደድ ግን ይቻላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የብድር መረጃ ሕግ ሰው በፋይሉ ምክንያት ሲከለከል እንዲነገረው አዘዘ። በ1974 የወጣውና ከሁለት ዓመት በኋላ የተሻሻለው የእኩል ብድር ዕድል ሕግ ደግሞ አመልካቹ የተከለከለበትን ምክንያት የማወቅ መብት ሰጠው። እኛም ዘንድ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሰው ስለራሱ የተያዘን መረጃ የማየትና ስሕተቱን የማሳረም መብት እንዳለው ደንግጓል። መሠረቱ ተጥሏል ማለት ነው።

የቀረው ብሔራዊ ባንክ በመመሪያ ሊያደርገው የሚችለው ነው። አንደኛ፣ ብድር የከለከለ ባንክ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ። ሁለተኛ፣ ለዓመታት ዕዳውን ያከበረ ተበዳሪ የሚጠየቀው መያዣ እንደ ታሪኩ ይቀነስለት። ሦስተኛ፣ ነጋዴው ከፈቀደ የጅምላ ሻጮች የዱቤ ሒሳብም በመረጃ ማዕከሉ ይመዝገብ።

ይህ ምጽዋት አይደለም። ከፋዩም ከፋይ ያልሆነውም እኩል «ካርታ አምጣ» የሚባሉበት ገበያ፣ በወቅቱ መክፈል ዋጋ እንደሌለው ለሁሉም ያስተምራል። በዝርፊያ ማግስት ዕዳውን የከፈለ ነጋዴ ከማንኛውም ካርታ የበለጠ ማስረጃ አቅርቧል። ያንን ማስረጃ የሚቀበል ችሎት ግን እስካሁን አላገኘም።