ረሃብ ሲያረጅ
እ.ኤ.አ. በ2005 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ረሃብን የሚቀሰቅሱ የአንጎል ሕዋሳት የጠፉባቸው አዋቂ አይጦች መብላት ማቆማቸውን፣ ሕዋሳቱን በጨቅላነታቸው ያጡት ግን መመገብ መቀጠላቸውን አሳየ። በእርጅና ዘመን ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ኒውሮፔፕታይድ ዋይ የተባለው ረሃብ ቀስቃሽ ኬሚካል ያረጁ አይጦችን የሚያስበላው ከወጣቶቹ ባነሰ መጠን ነው።

አይጥ ሰው አይደለም፤ ይሁንና በእርጅና የምግብ ፍላጎት መቀነሱ በሰውም የታወቀ ነው። ለንደን ኤድመንተን ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ኢትዮጵያዊት አዛውንት «በቃኝ» ሲሉ ቤተሰብ ጾም ወይም ይሉኝታ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ጠያቂን የሚጠብቅ የምግብ ድጋፍም አያገኛቸውም፤ ያልራበው አይጠይቅምና። ስለዚህ የኤንፊልድ ምክር ቤትና የማኅበረሰብ ማኅበራት የአረጋውያንን ክብደት፣ አቤቱታ ሳይጠብቁ፣ በየጊዜው ሊያስመዝኑ ይገባል። የሚዛን ወጪ ከሆስፒታል አልጋ ወጪ እጅግ ያንሳል።