ስድስቱን አንግል በቃሉ የሚያውቅ፣ አንዱን ሞርዶ የማያውቅ

እስቲ በቶርኖ ሙያ የተመረቀ ልጅ አቁማችሁ «የመቁረጫው አንግሎች ምን ምን ናቸው?» በሉት። ባክ ሬክ፣ ሳይድ ሬክ፣ ክሊራንሱ ከፊትና ከጎን... ስድስቱንም እንደ ዳዊት ይደግምላችኋል። ኖዝ ሬዲየሱንም በምርቃት ይጨምራል። ከዚያ ባዶ ሃይ ስፒድ ስቲል ስጡትና «ሞርደህ አምጣ» በሉት። ዝም!

ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ስም ማስቆጠርን ሙያ ማስተማር ያደረገው አሠራር ነው።

«ቲቸር አታካብድ፣ ዘንድሮ ኢንሰርት ተገዝቶ ይገጠማል» የምትሉኝ አላችሁ። እሺ፣ ኢንሰርቱስ አንግል የለውም እንዴ? ከኮዱ ሁለተኛው ፊደል እኮ ክሊራንሱን ነው የሚነግርህ፤ «ሲ» ከሆነ 7 ዲግሪ፣ «ኤን» ከሆነ 0። ይህን ማንበብ የማይችል ልጅ ሻጩ የሰጠውን ተሸክሞ ይመጣል። ደግሞ ዕቃው በዶላር ነው የሚገባው፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር የት እንደደረሰ ለእናንተ አልነግርም። ሃይ ስፒዱ ግን ሲደነዝ ተሞርዶ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ነገሩ እኮ ረቂቅ አይደለም። ምላጭ ስል ነው፣ ግን ግንድ አይፈለጥበትም። መጥረቢያም የወፈረው በምክንያት ነው። ቶርኖም ያው ነው። አሉሚኒየም ሬኩ ሰፋ ያለ፣ ስል ጫፍ ይፈልጋል። ያንኑ መቁረጫ ብራስ ላይ ብትሞክረው ጫፉ ወደ ውስጥ ይነክስና ሥራህን ያበላሸዋል፤ እዚያ ሬኩ ወደ 0 መጠጋት አለበት። ክሊራንስ ከሌለ ደግሞ መቁረጡ ቀርቶ ይፈትጋል፣ ይግላል፣ ይደነዝዛል። አሳምረህ ሞርደህ እንኳ፣ ከሴንተር ከፍ አድርገህ ካሰርከው ክሊራንሱ ይቀንስብሃል። ይህን ሁሉ ትርጉም በመሸምደድ የተማረ ሰው አላየሁም። እጅ ነው የሚማረው።

እዚሁ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ውጡና እዩ። ሸማኔው ልጁን ሲያስተምር የመወርወሪያን ትርጉም ደብተር ላይ አያስጽፈውም። ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጦ ያሸምነዋል። ክሩ ሲበጠስ ልጁ ራሱ ይቀጥላል። እኛ ማሽን አለን ብለን ከሱ አንሰን እንገኝ?

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ማንም ተማሪ ሰርተፊኬት ከመያዙ በፊት፣ ከባዶ ብረት አንድ መቁረጫ ሞርዶ፣ አንግሉን ለክቶ፣ በዚያው ቆርጦ ያሳይ። ለሙከራ ተራ ብረትም ይሞረዳል፤ «በጀት የለም» የሚለው ምክንያት እዚህ ጋ አይሠራም።

የማትስማሙ ቲቸሮችና ባለ ቶርኖ ቤቶች ኮሜንት ላይ እንከራከር። ግን መጀመሪያ ስንቱ ልጅ ሞርዶ እንደሚያውቅ ቁጠሩና ኑ።